ከምላሷ ሥር

በአርባ ምንጩ ቤተ ሙከራ ቴክኒሻኑ ትናንት የልጅቷን ደም አስቀምጦ ሻማ አብርቶ የከደነውን የመስታወት ዕቃ ሲከፍት፣ እናትየው ትኩሳት ያዛላትን ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ በጥርጣሬ ታየው ነበር። ሻማው አየሩን ቀንሶ የወባውን ተውሳክ በሕይወት እንደሚያሳድር ስለማታውቅ፣ በልጅ ደም ላይ ለምን እንደሚበራ አልገባትም። እሱም አላመናትም። የወባ ክኒኑ ክሎሮኪን በምዕራብ ዓባያ ገበያ እንደ ጨው ይቸበቸባል ይባላል፤ ልጅቷ ግን ዋጠች እየተባለ ወባው አልለቀቃትም። ትናንት ደሟን ከወሰደ በኋላ ዓይኑ እያየ ክኒን አስዋጣት፤ አፏንም በጣቱ ከፍቶ ከምላሷ ሥር ፈተሸ። “ሸጠሽው ከሆነ አሻጥር ነው፤ ለአብዮት ጥበቃ ነው የማስረክብሽ” አላት እናትየውን። ከልጅቷ ደም ጠብታዎች ጋር በተለያየ መጠን ቀላቅሎ ያሳደረው መድኃኒት ተውሳኩን ከገደለው፣ እናትየው ዋሽታለች ማለት ነው።

መድኃኒቱ ከሁሉ የበዛበትን ጠብታ ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጎ ጎንበስ አለ። ተውሳኮቹ አልሞቱም። ጭራሽ አድገው ተከፋፍለው ነበር። ሌንሱን ጠርጎ ደግሞ አየ፤ ያው ነው።

ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እናትየው አልዋሸችም ነበር። እሷ ግን ፊቱ ሲለዋወጥ አይታ ደነገጠች። “ኧረ ውጣለች፣ ጌታዬ!” አለችና፣ ሳይጠይቃት የልጇን ጉንጭ ጫን አድርጋ አፏን ከፈተችለት።