ያለ ልጥፍ

ፈትለወርቅ ዝዋይ ከተማ፣ ሰፈሯ ውስጥ እውነተኛ ቢራና ወይን ብቻ የሚሸጥ መጠጥ ቤት ስትከፍት ጎረቤቶቿ «አበደች» አሉ። ሰው ሁሉ ምላሱ ላይ ልጥፍ ማድረግ ከጀመረ ሃያ ዓመት ሆኖታል። በልጥፉ ውኃ የጠጣ ሰው ጠጅ ቢመኝ ጠጅ ጠጅ ይለዋል፤ የሚበላውም ሁሉ እንደተመኘው ይጣፍጠዋል።

እሁድ ከሰዓት ግን ቤቱ ጢም አለ። ሁሉም ልጥፉን በር ላይ እየላጠ ገባ። ጡረተኛው መምህር ጋሽ ደምመላሽ ቢራውን ጎንጨት አደረጉና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይመራል!» ብለው ጮኹ። ወዲያው ብርጭቆውን ጨለጡት። «ድገሚኝ እንጂ ልጄ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፈትለወርቅ አንድም ሳትቀምስ ደስታው አሰከራት። ራሷ የሠራችውን ጥብስ አቀረበችና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለባሏ ለአስናቀ አጎረሰችው። አላመጠ፤ ቆም አለ፤ ዓይን ዓይኗን አያት።

«ፈትልዬ፣ ጨው የለውም።»

በድንጋጤ አፏን ያዘች። ከተጋቡ ጀምሮ ቤታቸው ጨው ተገዝቶ አያውቅም።

«አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው ያበላሁህ?»

«እኔ ደግሞ ባለሙያ ናት እያልኩ ለአገሩ ሁሉ ሳወራ!»

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ጋሽ ደምመላሽ «ከብት አርቢዎች ጋ ለከብቱ የሚያልሱት አሞሌ አይጠፋም!» ብለው ጨው ፍለጋ ሲወጡ፣ ሰው ሁሉ ብርጭቆውን እንደያዘ ተከተላቸው።

አስናቀ ግን አልተነሳም።

«ድገሚኝ» አላት። «እጅሽን ገና ዛሬ መቅመሴ ነው።»