እናቴ ያለቀሰችበት ግድግዳ

ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ ከወይራው ሥር ተቀምጠው ስለ ደብራቸው የወደፊት ዕጣ ሲመክሩ፣ እማማ እታለማሁ ብቻ ከጭቃው ቤተ ክርስቲያን ጎን ቆመው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ነበር። ይህን ግድግዳ የለሰኑት ሙሽራ ሳሉ ነው። ያን ጊዜ የአገሩ ሴት ሁሉ በአገውኛ እየዘፈነ ጭቃ ሲረግጥ፣ እርሳቸው እስከ ጉልበታቸው ተነክረው ሳቅ አላስቆም ብሏቸው ነበር። አብረዋቸው ከሳቁት ዛሬ በሕይወት ያለ የለም።

ወጣቶቹ ሕዝቡን ሁሉ የሚይዝ ሰፊ የብሎኬት ሕንፃ ተመኙ። ሽማግሌዎቹ ግን «አባቶቻችን ያቆዩልንንማ አናፈርስም!» ብለው ሙግት ገጠሙ። በመጨረሻ ቄስ ሽመክት ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«እማማ፣ ሲሠራ ከነበሩት የቀሩት እርስዎ ነዎት። ምን ይላሉ?»

ሽማግሌዎቹ ደጋፊ እንዳገኘ ሰው ቀና ቀና አሉ።

«ይህን ልንሠራ የፊተኛውን ስናፈርስ እናቴ እዚሁ ቆማ ታለቅስ ነበር» አሉ እማማ እታለማሁ። «እኔ በደስታ ሰክሬ እንባዋን አላየሁላትም። አፍርሱት ልጆቼ። ክረምት በመጣ ቁጥር ግማሹ ሰው ደጅ ዝናብ እየመታው ያስቀድሳል፤ እግዜርስ ይህን ይወዳል?»

እማማ እታለማሁ እጃቸውን ከግድግዳው አንስተው ከሴቶቹ መካከል ሄደው ተቀመጡ። ያኔ እንባቸው መጣ። በዚያ ጥር የተዳረች አንዲት ልጅ ጠጋ ብላ፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው።