ባለ ቧንቧው

እህቱ ስትደውል ፊሽካ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ቢራው ዛሬም ቀንሷል» አለችው። «ልጆቹ ቁርስ እየበሉ ነው። ሲጨርሱ አባታቸው በመኪና ይዟቸው ይወጣል።»

«አቆዪያቸው። መጣሁ።»

የቀረውን ግማሽ ሳይላጭ ወጣ። የእህቱ ቤት ከሱ ቤት ጥጉን ዞር እንዳሉ ነው።

ፊሽካ ዕድሜውን ሙሉ የትራፊክ ፖሊስ ነበር። ጡረታ ወጥቶም ቅጽል ስሙ አልለቀቀውም፤ የእህቱ ልጆች ሳይቀሩ «አጎቴ ፊሽካ» ነው የሚሉት። ሰክሮ የሚነዳን ሰው መስተዋት ሳያስወርድ ያውቃል ይባልለት ነበር። እሱም አላስተባበለም።

የእህቱ ባል ደግሞ ቢራ ፋብሪካ ውስጥ ጠማቂ ነበር፤ ከሚጠምቀው የማይተናነስ የሚጠጣ። አንድ ቀን ትልቋን ልጁን ከኋላ አስቀምጦ መኪናውን ቦይ ውስጥ ከተተው። ልጅቷ ተረፈች፤ አገጯ ላይ ጠባሳ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ፋብሪካውንም መጠጡንም ተወና የቤት ዕቃ መደብር ተቀጠረ። የመደብሩ ባለቤት የቤት ውስጥ ቢራ መጥመቂያ መሸጥ እስኪያምረው ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ሰውየው ሁለት ዓይነት አስመጣና «የቱ እንደሚሻል ካንተ በላይ ማን ያውቃል? ሞክርልኝ» ብሎ አሸከመው።

ፊሽካ ይህን የሰማ ዕለት «ጅብን ሥጋ ጠብቅ አሉት» ብሎ ነበር።

እህቱ በሩን ከፍታለት ወደ ኋላ ሸሸት አለች። ቅርንፉድ ቅርንፉድ ትሸታለች።

«ጥርስሽ አሁንም አልተወሽም?»

«ሊተወኝ ነው እንዴ!» ጉንጯን በመዳፏ ያዘች። «የኔን ተወውና ግባ። ትናንት ማታ መጥመቂያዎቹ ላይ ምልክት ለጥፏል።»

«ለምን?»

«እንጃለት። ለማስመሰል ነዋ።»

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» አለ ፊሽካ።

ወጥ ቤት ውስጥ ትልቋ ዳቦዋን ትገምጣለች። ታናሹ «ቢጫ ኩባያዬስ? በዚህ አልጠጣም!» እያለ ወተቱን ገፍቶ ይነጫነጫል።

«በተገኘው ጠጣ» አለችው እናቱ።

ጠማቂውን ከወጥ ቤቱ ጎን ባለችው ዕቃ ቤት ጎንበስ እንዳለ አገኘው። ሁለቱ መጥመቂያዎች ታችኛው መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከክዳናቸው ላይ ባለችው የአየር መውጫ አረፋ አልፎ አልፎ ቡልቅ ይላል።

«እንኳን መጣህ ጋሼ፤ ና እስቲ እይልኝ። ብቅላቸው አንድ፣ እርሾአቸው አንድ፣ የተጠነሰሱትም ባንድ ቀን ነው። ይሄ ድፍኑ ነው፤ ከሱ ለመቅዳት ክዳን መክፈት፣ ቱቦ መንከር፣ ጣጣው ብዙ። ይሄኛው ባለ ቧንቧ ነው። ከታች ከፈት ማድረግ ብቻ። ለገዢ የሚመቸው ይሄ ነበር።»

«ነበር?»

«ያፈሳል።»

በሰማያዊ ፕላስተር የለጠፈውን ምልክት አሳየው። የድፍኑ ቢራ ምልክቱ ላይ እንደቆመ ነው። የባለ ቧንቧው ሁለት ጣት ያህል ወርዷል።

ፊሽካ ተንበርክኮ ከመደርደሪያው ሥር ወለሉን ዳበሰ፤ የአደጋ ቦታ ሲመረምር እንደሚያደርገው፣ ሳይቸኩል። ከዚያ መዳፉን አየው።

«ወለሉ ደረቅ ነው» አለ።

ጠማቂው ወለሉን አየ። ቀና ብሎ በሩ ላይ የቆመችውን ሚስቱን አየ። ዓይኑን ከሷ ላይ ለመንቀል ጊዜ ወሰደበት።

«ተንፍስ» አለው ፊሽካ።

«ምን?»

«አፍህን ከፍተህ ተንፍስ።»

ተነፈሰ። የጥርስ ሳሙና የጥርስ ሳሙና ይላል። ፊሽካ ግን የጥርስ ሳሙና የሚሸቱ ሰካራሞችን በየመንገዱ አስቁሞ ያውቃል።

«ቁልፉን አምጣ።»

ጠማቂው ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፤ ግን አልለቀቀውም። «ጋሼ፣ ልጆቹን አንተ አድርስልኝ።»

«እናታቸው እዚህ ቆማ?»

«ጥርሷን... አሟታል።»

«ጥርሱን ያመመው ሰው መሪ አይጨብጥም የሚል ሕግ አላውቅም።»

«እስቲ ስማኝ ጋሼ፣ በናትህ ለሷ አት...»

«መጀመሪያ የልጅህን አገጭ እይ፤ ከዚያ ትናገራለህ!»

ፊሽካ ቁልፉን ከእጁ ነጥቆ ለእህቱ ዘረጋላት። እሷም ሳትጠጋው ክንዷን ዘርግታ ተቀበለችው።

«በሉ ቦርሳችሁን!» አለች። ልጆቹን አስቀድማ ስትወጣ ትከሻዋ የበሩን መቃን ገጨት አደረገው። ችኮላ ነው።

ጠማቂው በባዶ እግሩ ተከትሏት ሮጠ። ፊሽካ በመስኮት አየው፤ የመኪናውን መስተዋት በመዳፉ እየደበደበ የሆነ ነገር ይጮኻል።

«አሁን ደግሞ ልመና» አለ ፊሽካ ለራሱ።

መኪናው ተነሣ። ጠማቂው ጥቂት አብሮት ሮጦ ወደ ኋላ ቀረ። ትልቋ በኋላው መስኮት ለአጎቷ እጇን አወዛወዘችለት፤ እሱም አወዛወዘላት። መኪናው ወደ ዋናው መንገድ ታጠፈ።

ፊሽካ እጅጌውን ሰበሰበ። ይህ ነገር ከዚህ ቤት ዛሬ ይወጣል፤ ሁለቱንም ፍሳሽ ውስጥ ሊደፋቸው ቆርጧል። ከባለ ቧንቧው ጀመረ። አቅፎ ከመደርደሪያው ሲያነሳው ከበስተጀርባው ግድግዳ የተጠጋ ቢጫ ኩባያ ብቅ አለ።

ከኩባያው ውስጥ፣ ገና ካልጠፋው አረፋ መሀል፣ የታኘከ ቅርንፉድ ነበረ።