የመንገድ ዳሯ እርጉዝ

ግንበኛው አውራ ጎዳናው ዳር ቆሞ አለቃውን በስልክ ይማጸናል። «ጋሽ ፈለቀ፣ አርግዛለች እኮ። ሆዷ ገፍቷል፤ ዛሬውኑ ካልደረሱልኝ ጉዴ ፈላ።»

ዞር ሲል ሚስቱ ምሳ ዕቃውን ይዛ ቆማለች። ሌላ ቀን ምሳውን በሰው ነበር የምትልክለት።

«ማናት ያረገዘችው?» አለችው። ፊቷ አመድ መስሏል።

ደንግጦ የዳገቱን አፈር የደገፈችውን ግንብ አሳያት። መሃሏ አብጦ ወደ መንገዱ ገፍቷል።

«እሷ ናት። የውሃ መውጫዋ ተደፍኖ ዝናቡ ከኋላዋ አቆረ። እንዲህ ስታብጥ እኛ ግንበኞች አረገዘች ነው የምንለው። ከወለደች መንገዱ ተዘጋ ማለት ነው።»

ሚስቱ ግንቧን አየች፣ እሱን አየች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ምሳ ዕቃውን አቀበለችውና ዐይኗን ሰበር አድርጋ፣

«እንግዲያው ሁለት ሆነናል» አለችው።