የአርባው ሰው እርምጃ

የሕክምና ዕቃዎች መርማሪው ያንን ፋይል ከያዘ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ጉዳዩ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ነው። እሱ ካልፈረመ ሆስፒታል ሊገዛው አይችልም።

እናቱ ዳሌዋ ተሰብሮ ተኝታለች። ሐኪሟም የሚጠብቀው ይህንኑ ዕቃ ነው።

ጠዋት ጠዋት እህቱ ትደውላለች።

«እማዬ ጀርባዋ መቁሰል ጀመረ። አንዲት ፊርማ ጣትህን ትሰብረዋለች?»

«እያየሁት ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።»

«እይ! አንተ ስታይ እሷ ትለቅ።»

ስልኩን ዘግቶ ቢወጣ ያ ሽማግሌ ኮሪደሩ ላይ አለ። ከዘራውን ጉልበቱ መሀል አቁሞ፣ አግዳሚው ወንበር ጠርዝ ላይ በአንድ ጎኑ ተቀምጧል። ፋይሉ ከገባ ጀምሮ አንድ ቀን አልቀረም።

«ሰውዬው ከወንበሩ ጋር ተመዘገበ እንዴ?» አለ ዘበኛው በሹክሹክታ። «የአስመጪው ሰው ነው። ከዳሌው ጉዳይ ሌላ አይጠይቅም። አንጀት እንዲበላ ሽማግሌ መርጠው ላኩ!»

ሽማግሌው ፊቱን አጨማዶ ተነሣና ትልቅ ፖስታ ዘረጋ።

«ልጄ፣ ይቺን ብታይልኝ...»

«አባቴ፣ ፖስታዎን ይያዙ። ከባለጉዳይ ጋር መነጋገር ክልክል ነው። ውሳኔው ሲወጣ ይሰማሉ።»

«መቼ ይሆን?»

«ሲያልቅ።»

ሽማግሌው መልሶ ተቀመጠ። ደጅ መጥናት የለመደ ሰው ነው፤ መርማሪውን ያናደደው ይኸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሙከራውን ገጾች ደገመ። ዕቃው እዚሁ አገር በአርባ ሰዎች ላይ ተሞክሯል፤ ከዓመት በኋላ አርባዎቹም ደህና ናቸው ይላል። እያንዳንዳቸው በስድስት ደቂቃ ስንት እርምጃ እንደሄዱ ተጽፏል። አንደኛው፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ሁለተኛው፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ጣቱን እያወረደ አርባኛው ላይ ደረሰ። አራት መቶ አሥራ ሁለት።

አርባ ሰው ቀርቶ የአንድ ሰው ሁለት እግር እንኳ እኩል አይራመድም።

እህቱ ስትደውል ነገራት።

«ለሌላው እናት የማላስገባውን ለእማዬ አላስገባም።»

«እንግዲያው መጥተህ ለራሷ ንገራት!» ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

የእናቱ ጀርባ ታየው። ከዚያ «ተከልክሏል» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታበት።

ኮሪደሩ ላይ ከሽማግሌው በቀር ሰው የለም። መርማሪው ደብዳቤውን ይዞ ፊቱ ቆመ። ልመና ጠበቀ፤ ልመናው ካልሆነ እርግማን።

«ለላኩዎት ሰዎች ይንገሩ። ተከልክሏል። ከእንግዲህ አንድም ሰው ውስጥ አይገባም።»

ሽማግሌው ለመነሣት ሁለት ጊዜ ሞከረ። በሦስተኛው ተሳካለት።

«የላከኝስ የለም፣ ልጄ። ግልባጩን ብቻ ስጠኝ፤ ሐኪሞቹ ያለ ወረቀት ከዳሌህ አናወጣውም ብለውኛል።»