የታንኩ መተንፈሻ

አሮጌዋ መኪና ቦንጋ መግቢያ ዳገት ላይ ለአራተኛ ጊዜ ቀጥ ስትል አብነት መሪውን በቡጢ መታው። ወርዶ የነዳጁን ክዳን ሲፈታ፣ ታንኩ እንደ ልማዱ «ፉሽ» ብሎ አየር ሳበ። ስልኩን አወጣና መካኒኩ ላይ ጮኸ፤ «ጋሽ ከፈለኝ፣ ፓምፑን ቀየርኩ አላሉኝም? ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ!»

«ክዳኑ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ አለች፤ እስቲ እያት። ታንኩ አየር ካላገኘ ነዳጅ አይለቅም» አሉት ሳይቆጡ።

አየ። ቀዳዳዋ በሰም ተደፍናለች፤ ሰሙ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ባለፈው ገበያ «ማርህ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል» ተብሎ ሲመለስበት፣ ሽታውን ላፍን ብሎ የጠቀጠቀው ራሱ ነበር።

«ምን አገኘህ?» አሉ ጋሽ ከፈለኝ።

አብነት አውራ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። በማር ጀሪካኖቹ መሃል የተቀመጠችው ሚስቱ አንገቷን በመስኮት አወጣች።

«ንገራቸው እንጂ!»