ለመምህሩ ክብር

የዕፅዋት ተመራማሪው ከተራራው እየዘለለ ወረደ። ባርኔጣው ወድቆ ቀርቷል፤ ዞር ብሎም አላየው። ስድስት ዓመት ተራራ ለተራራ ተንከራቶ፣ በየትኛውም መጽሐፍ ያልተመዘገበች ቢጫ አበባ አገኘ! የበቀለችው ከአንድ ጎጆ ወለል በማይሰፋ መሬት ላይ ብቻ ነው። እንደ ሙያው ወግ አንዷን ብቻ ቆርጦ በጋዜጣ መሐል አስተኛትና የቀሩትን «ደህና ሁኑ ልጆቼ!» ብሎ ተሰናበታቸው።

ማረፊያ የሰጡት እማማ ደብሪቱ ደጃፍ ሲደርስ አሮጊቷን አቅፎ አሽከረከራቸው።

«ኧረ ልቀቀኝ፣ አንተ እብድ!» እያሉ ሳቁ። «ምን አግኝተህ ነው?»

ጋዜጣውን ገልጦ አሳያቸው። «ይቺን! ከእናንተ ተራራ በቀር በዓለም ላይ የለችም። ነገ መምህሬን ከከተማ ይዣቸው እመጣለሁ፤ በበቀለችበት ያዩዋታል።»

«መምህርህን? እኔ ቤት?» እማማ ደብሪቱ እልልታቸውን አቀለጡት።

በማግስቱ ተማሪና መምህር እየተሳሳቁ ደረሱ። ከደጃፉ እስከ መደቡ ድረስ የጎጆው ወለል በቢጫ አበባ ተጎዝጉዟል። ሁለቱም እግራቸውን እንዳነሱ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ግቡ እንጂ፣ ርገጡት!» አሉ እማማ ደብሪቱ ፊታቸው በርቶ። «ለእናንተ ክብር ብዬ አንዲት ሳላስቀር ከነሥሩ ነቅዬ ያመጣሁት ነው።»